አልባርክም ያሉ አባት



ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ደርቆና ተራግፎ፣ ሰው ሁሉ ገና ከድካሙ ሳያርፍ እዚህ ኮኪት አዳራሽ ተገኝታችሁ ልትሰሙኝ በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። የጋበዙኝ መምህራን መጀመሪያ ርዕሱን ለእኔ ትተውልኝ ነበር። ኋላ ግን ከክፍላቸው አንድ ጥያቄ ላኩልኝ። አንድ ተማሪ ስለ ሞንጎሊያ አንብቦ የቡድሃ እምነት መሪ ለአገሩ ነፃነት ሲታገል ያያል፤ ተነሥቶም መምህሩን «የሃይማኖት አባት ከጸሎት ሌላ ለአገር ነፃነት ምን ሊያደርግ ይችላል? እኛስ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ነበረ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚህ የተሻለ ርዕስ ከየት አመጣለሁ? የዛሬው ዲስኩሬ ለዚያ ልጅ የምሰጠው መልስ ነው።

በመጀመሪያ ልጁ ስላነበበው ስለ ሞንጎሊያው መሪ በአጭሩ እነግራችኋለሁ። ቀጥዬ እዚሁ ቆመንበት ስላለው መሬት፣ ስለ መተማ አነሣለሁ። ከዚያ ረዘም አድርጌ የምቆየው በአቡነ ጴጥሮስ ላይ ነው። በሦስቱም ውስጥ የምትሰሙኝ አንድ ሐሳብ ነው፤ ደጋግሜ ስለምለው ከወዲሁ ያዙልኝ። ወራሪ መሬትን በጠመንጃ ይይዛል፤ «የእኔ ነው» ለማለት ግን የሚያጸድቅለት ቃል ይፈልጋል። ያንን ቃል የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው ብዙ ጊዜ የሃይማኖት አባት ነው።

እንግዲህ ከሞንጎሊያ እንጀምር። ሞንጎሊያ በሰሜን ሩሲያ፣ በደቡብ ቻይና የሚያዋስኗት፣ ሕዝቧ በዚያ ዘመን ከብት አርቢ የነበረ ሰፊ ሜዳማ አገር ናት። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በቻይናው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ሥር ኖራለች። በዋና ከተማዋ፣ ያኔ ኡርጋ ዛሬ ኡላንባታር በምትባለው፣ የቡድሃ እምነት ታላቅ አባት ይቀመጡ ነበር። ማዕርጋቸው ጄብትሱንዳምባ ኹቱክቱ ይባላል፤ የምናወራላቸው ስምንተኛው ናቸው። የሞንጎሊያ ሕዝብ እንደ ቅዱስ ያያቸው ነበር። የቺንግ መንግሥት በራሱ አገር አብዮት ተነሥቶበት ሲናወጥ የሞንጎሊያ መሳፍንትና መነኮሳት ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1911 ነፃነታቸውን አወጁ፤ እኚህን አባትም ቦግድ ካን ብለው አነገሡ። መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢነግሥ ሌላው ባልተቀበለው ነበር። ሁሉም የሚሰግድላቸው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። ቦግድ ካን የሞንጎሊያ ተወላጅ አልነበሩም። የተወለዱት በቲቤት ነው፤ በልጅነታቸው ወደ ሞንጎሊያ መጥተው እዚያው አደጉ። እንግዳ ሆነው የመጡ ሰው የአገሩ ነፃነት ምልክት ሆኑ። ይህን ነገር በልባችሁ አኑሩልኝ፤ ኋላ ወደ አቡነ ጴጥሮስ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ዘውዱ ግን ቀላል አልሆነላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1915 ሩሲያ፣ ቻይናና ሞንጎሊያ ራሷ በኪያኽታ ከተማ በተፈራረሙት ውል ሞንጎሊያ ሙሉ ነፃነቷ ቀርቶ በቻይና የበላይነት ሥር ራሷን እንድታስተዳድር ተደረገ። በ1919 ደግሞ አንድ የቻይና ጄኔራል ወታደር ይዞ ገብቶ ያንኑ ራስን ማስተዳደር እንኳ አነሳ። በ1921 «ነጮቹ» በሚባሉ፣ የሩሲያን አብዮተኞች በሚወጉ ሩሲያውያን፣ ቀጥሎም በሶቪየት ድጋፍ በመጡ አብዮተኞች እጅ ወደ ዙፋናቸው ተመለሱ፤ ይሁንና ሥልጣኑ በእጃቸው አልነበረም። በ1924 ሲሞቱ አገሪቱ ሪፐብሊክ ሆነች፤ ተተኪያቸውም እንዳይፈለግ ተከለከለ። ከ1937 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ መነኮሳት ተገደሉ፤ ገዳማቱም ፈረሱ። 1937ን አትርሷት፤ በእኛም አገር ተመልሳ ትመጣለች።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። የሃይማኖት መሪ በነፃነት ትግል ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ ምሥራቅ መሄድ የለብንም። ከኮኪት ተነሥታችሁ ወደ መተማ ዮሐንስ ብትሄዱ፣ ድንበሩን ተሻግራችሁ ገላባት ብትደርሱ፣ የምትረግጡት መሬት ይህንኑ ታሪክ ይነግራችኋል።

በሱዳን ቱርክና ግብፅ በሚገዙበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1881፣ ሙሐመድ አሕመድ የሚባሉ የሃይማኖት ሰው በነጭ ዓባይ ላይ ባለችው በአባ ደሴት ሆነው ማህዲ፣ ማለትም የሚጠበቀው የእምነት መሪ፣ መሆናቸውን አወጁ። ሕዝቡን የጨቆነውን የባዕድ አገዛዝ ለመጣል ተነሡ፤ በጥር 1885 ካርቱምን ያዙ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በኦምዱርማን ዐረፉ። ሱዳናውያን እስከ ዛሬ እንደ ነፃነት አባት ያስታውሷቸዋል። አፄ ዮሐንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1884 በዐድዋ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ መተማ ላይ የነበረውን ጨምሮ በድንበሩ የተከበበው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ለመርዳት ተስማሙ። የውሉ ዕዳ ሲከፈል ግን ከፋዮቹ እንግሊዞች አልነበሩም። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ የሚባለው የማህዲው ተከታዮች ጦር በሳር ውኃ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር አሸንፎ ጎንደርን አቃጠለ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ዮሐንስ ራሳቸው መጥተው እዚሁ መተማ ላይ ቆሰሉ፤ ሞቱም። ከተማዋ ስማቸውን ይዛ ቀርታለች።

በዚህ አዳራሽ የሁለቱም ወገን ልጆች አሉ። መስጊድ የምትሄዱትም ቤተ ክርስቲያን የምትሳለሙትም አንድ ገበያ ትውላላችሁ። ስለዚህ ስሜቴን ሳልሸሽግ ልናገር። ያ ጦርነት እያንዳንዱ ወገን እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ነው ብሎ የገባበት ጦርነት ነበር። ሁለቱም ወገኖች ጀግኖች ነበሩ፤ ሁለቱም ደማቸውን አፈሰሱ። ድንበሩን ተከትሎ የወደቀው የሰው ዐፅም ገና ሳይደርቅ ጣሊያን ከምፅዋ ወደ ደጋው ወጣ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደግሞ እንግሊዝ በኦምዱርማን የማህዲስቶቹን ጦር በመትረየስ አጨደው። መተማን ሳስብ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ወንድማማቾች በሃይማኖት ስም ሲዋጉ ትርፉን የሰበሰበው ሦስተኛው ሰው ነው።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ዋናው ጉዳዬ መጣሁ። ከመግባቴ በፊት ግን አንዲት ቃል ላስረዳ፤ ግዝት።

አረጋውያኑ ታውቁታላችሁ። ለልጆቹ ልንገራቸው። በድሮ ዘመን ንጉሥ ሲነግሥ ጳጳስ ይቀባዋል፤ መኳንንቱም በጳጳሱ ፊት ይምላሉ። ያ መሐላ የታሰረው በጳጳሱ ቃል ነው፤ የሚፈታውም በጳጳሱ ቃል ነው። ጳጳሱ የገዘተውን፣ ማለትም በቃሉ ከምእመናን የለየውን ሰው ጎረቤቱ እሳት አያውሰውም ይባል ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ሲያወርዱ፣ ከመድፍና ከጠመንጃ በፊት ያስፈለጋቸው የአቡነ ማቴዎስ ቃል ነበር። አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቷቸው። እኚሁ አቡነ ማቴዎስ በ1888 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ ጋር ዐድዋ ድረስ ዘምተው ነበር። ግብፃዊ ነበሩ፤ ግን ዐድዋ ላይ ተገኝተዋል። ቦግድ ካንን አስታወሳችሁ?

ቃሉ በወንድማማች መካከል ሲገባ ግን ምን እንደሚያደርግ ጎረቤታችን ቋራ ታውቃለች። የቋራው ካሣ ቴዎድሮስ ተብለው በ1847 ዓ.ም. የነገሡት በአቡነ ሰላማ እጅ ነው። ኋላ በቤተ ክርስቲያን ርስት ተጣልተው አቡነ ሰላማ መቅደላ ታስረው ሞቱ። ንጉሡን የቀባው እጅ በሰንሰለት ታሰረ፤ ንጉሡም ካህናቱ ፊታቸውን ያዞሩበት ንጉሥ ሆነ። የጳጳስ ቃል እንዲህ ያለ ኃይል ነበረው። እንዳልኳችሁ ወራሪ ሁሉ ይህን ቃል ይፈልገዋል። ጣሊያንም ፈለገው።

አሁን ወደ ሰውየው። አቡነ ጴጥሮስ በ1875 ዓ.ም. በሰላሌ፣ በፍቼ አካባቢ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸው ኃይለ ማርያም ነበር። በደብረ ሊባኖስ ተማሩ፤ መነኮሱ፤ ሊቅና መምህር ሆኑ። እስከዚህ ድረስ ታሪካቸው በየገዳማችን ካሉ ሊቃውንት ታሪክ ብዙም አይለይም።

ከዚያ 1921 ዓ.ም. መጣ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአራተኛው መቶ ዘመን፣ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ጳጳሷን ከእስክንድርያ ስትቀበል ኖራለች። ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ! ሊቅ ሞልቶን፣ ገዳም ሞልቶን፣ ጳጳስ ግን ከባሕር ማዶ ይመጣልን ነበር። በብዙ ድርድር በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን ካይሮ ሄደው ጵጵስና ተቀበሉ። እነሱም አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ይስሐቅ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። በላያቸው ሊቀ ጳጳስ ሆነው የመጡት ግን ግብፃዊው አቡነ ቄርሎስ ነበሩ። አቡነ ጴጥሮስ የምሥራቅ ኢትዮጵያ ጳጳስ ተባሉ። የአራቱን ስም የጠራሁላችሁ ከመካከላቸው ሦስቱ በመከራው ቀን የት እንደቆሙ ልነግራችሁ ስለፈለግሁ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ጦርነቱ ሲነሣ አቡነ ጴጥሮስ ከንጉሠ ነገሥቱ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ዘመቱ። ማይጨው ላይ ጦሩ ተፈታ። ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «አለቀ» አለ። አቡነ ጴጥሮስ ግን ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ ወደ ሰላሌ ሄዱ። እዚያ የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን ጦር ይዘው ነበር። ጳጳሱ አርበኛውን ሰበኩ፤ አጽናኑ፤ ለጠላት እንዳያድርም ገዘቱ። መስቀል የያዘ እጅ ለጠመንጃ የሚሰጠው ነገር ይህ ነው። ጥይት አያቀብልም፤ ግን ባለ ጥይቱ ለምን እንደሚተኩስ ያውቃል።

በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ለመምታት ተስማሙ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ግን ሬዲዮ አልነበራቸውም፤ መልእክት የሚሄደው በእግር ነው። ክረምት ነው፤ ወንዙ ሞልቷል፤ ጭቃው ያሰምጣል። የመተማ ሰው ክረምት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ይህ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠጣ ትራክተር እንኳ ይውጣል። እናም ሐምሌ 21 አንዱ ቀድሞ ገባ፤ ሌላው ዘገየ፤ ሌላው መድረስ አልቻለም። ጥቃቱ ከሸፈ። አቡነ ጴጥሮስ በከተማው ውስጥ በጠላት እጅ ወደቁ።

በማግስቱ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ በችሎት ፊት ቆሙ። ችሎቱ የጦር ችሎት ነው፤ ፍርዱም አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ከዚያ ችሎት ሲወራ የኖረ አንድ ጥያቄና መልስ አለ። ዳኛው ካህናቱ ሁሉ፣ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስም ሳይቀሩ ለኢጣሊያ መንግሥት ሲገዙ እርሳቸው ብቻቸውን ለምን እንዳመፁ ጠየቃቸው። አቡነ ጴጥሮስ ሲመልሱ አቡነ ቄርሎስ ግብፃዊ መሆናቸውን፣ ለኢትዮጵያ የሚቆረቆሩበት ነገር እንደሌለ፣ እርሳቸው ግን ኢትዮጵያዊና ኃላፊነት ያለባቸው ጳጳስ መሆናቸውን ተናገሩ ይባላል።

ይህን መልስ ከ1921 ዓ.ም. ጋር አያይዛችሁ ስሙት። ይህ ሰው «ኢትዮጵያዊ ጳጳስ» የሚለውን ስም ከያዘ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በኋላ የተገኘች ሹመት ናት። ያቺን ሹመት አሳልፎ ለወራሪው ቢሰጣት ምን ትሆን ነበር? ለዚህ ነው መልሱ ለእኔ ከድፍረት በላይ የሚሆንብኝ። ሹመቱ ለምን እንደተሰጠው የገባው ሰው መልስ ነው።

ደግሞም ፍትሐዊ ልሁን። አቡነ ማቴዎስ ግብፃዊ ሆነው ዐድዋ ዘምተዋል። ቦግድ ካን ቲቤታዊ ሆነው የሞንጎሊያ ነፃነት ምልክት ሆነዋል። አቡነ ቄርሎስም ቢሆኑ ጣሊያን ቤተ ክርስቲያኗን ከእስክንድርያ ለመቁረጥ ሲነሣ አልተቀበሉትም፤ ወደ ግብፅ ሄዱ። የትውልድ አገር ሁሉን አይወስንም። የሚወስነው ቃል ሲጠየቅ ሰውየው የሚሰጠው መልስ ነው።

ከችሎቱ በኋላ አቡነ ጴጥሮስ ወደ መገደያው ተወሰዱ። ቦታው ዛሬ ሐውልታቸው የቆመበት፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው አደባባይ ነው። ያዩ ሰዎች ሲተርኩት እንደኖሩት በመስቀላቸው አራቱንም ማዕዘን ባረኩ። ለተሰበሰበው ሕዝብም አርበኞቻችሁን ሽፍታ ቢሏችሁ አትመኑ፣ ሽፍታስ ያለ አገሩ መጥቶ የሰው አገር የያዘው ነው፣ ሕዝቡም ምድሩም ለእርሱ እንዳይገዛ የተገዘተ ይሁን ብለው ተናገሩ። የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው እንዳዩም ይነገራል። ስምንት ወታደሮች ተኮሱባቸው። ወዲያው ስላልሞቱ አንድ መኮንን ቀርቦ በሽጉጥ ጨረሳቸው።

አንድ አፍታ እዚህ ላይ ቁሙልኝ። አንድ መሣሪያ ያልያዘ መነኩሴ ነው። በእጁ መስቀል፣ በኪሱ ሰዓት። ከተማው በጠላት ጦር ተሞልቷል፤ አውሮፕላን አለው፤ መድፍ አለው፤ መርዝ ጋዝም በሰሜን አፍስሷል። ታዲያ ይህን ሁሉ የያዘ ኃይል ለምን አንድ መነኩሴን በአደባባይ ይገድላል? እስር ቤት ሊጥላቸው አይችልም ነበር? ወደ ጣሊያን ሊያግዛቸው አይችልም ነበር? ይችል ነበር። የገደላቸው ቃሉን ስላጣው ነው። «የእኔ ነው» ለማለት የሚያጸድቅለትን ቃል ሄዶ ጠየቀ፤ አልባርክም ተባለ፤ ይባስ ብሎም ተገዘተ። ለእኔ የአቡነ ጴጥሮስ የፖለቲካ ሚና በዚህ ውስጥ ነው ያለው። አልነገሡም፤ ጦር አልመሩም፤ ፓርቲ አላቋቋሙም። አንድ ቃል ከለከሉ።

የቀሩትስ? አቡነ ሚካኤል በጎሬ ነበሩ። እሳቸውም አልገዛም አሉ፤ በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ጎሬን ሲይዝ ገደላቸው። እኚህን አባት ብዙ ሰው አያውቃቸውም፤ ስለዚህ ስማቸውን ደግሜ እላለሁ፤ አቡነ ሚካኤል ዘጎሬ። አበራ ካሣና አስፋ ወሰን ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፍቼ ተገደሉ።

ከዚያ የካቲት 12 መጣ፤ በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በቀሉን ደብረ ሊባኖስ ላይ አወረደ፤ አቡነ ጴጥሮስ ባደጉበት ገዳም። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት መገደላቸውን ጻፈ፤ ከቀናት በኋላም 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የሟቾቹን ቁጥር ከዚያ እጅግ ከፍ ያደርጉታል። ያ ግንቦት እ.ኤ.አ. 1937 ነው። ሞንጎሊያ ውስጥ መነኮሳት መረሸን የጀመሩት በዚያው ዓመት ነው ያልኳችሁን አስታውሱ። አንዱ ገዳይ ፋሺስት ነው፤ ሌላው ኮሚኒስት ነው። ሁለቱም ግን ሕዝቡ ሌላ ቃል የሚሰማበትን አፍ ለመዝጋት ነው የተነሡት።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር፤ ለጎንደርና ለአካባቢው ሰው ስለሚነካ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አቡነ አብርሃም የጎጃምና የበጌምድር ጳጳስ ነበሩ፤ የእኛው አገር ጳጳስ። በእርጅናቸው ለጣሊያን ገቡ። ጣሊያን በ1930 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኗን ከእስክንድርያ ቆርጦ ሊቀ ጳጳስ አድርጎ ሾማቸው፤ እስክንድርያም አወገዘቻቸው። ከካይሮው ሹመት አብረው የተመለሱ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ፣ አንዱ ከገዳዩ እጅ ሹመት ተቀበሉ። በዕድሜ የገፉ አባት ነበሩ፤ ሕዝባቸው እንዳያልቅም አስበው ይሆናል። ቢሆንም ቃሉ ለወራሪው ተሰጠ። ተማሪዎች ይህንንም ማወቅ አለባችሁ፤ የጀግናውን ብቻ ተርከን የሌላውን ከሸሸግን ጀግናው ምን እንደከፈለ አይታያችሁም። እውነቱ ከአባቶች ክብር ጋር አይጣላም።

እዚህ ያላችሁ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች «እኛስ?» ትሉ ይሆናል። ጣሊያን ራሱን የእስልምና ጠባቂ አድርጎ ለማሳየት ብዙ ደክሟል፤ ቃሉን ከሁለቱም ወገን ይፈልግ ነበርና። በሶማሊያ ጣሊያንን ተዋግተው ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩት ዑመር ሰመተር ግን በወልወሉ ግጭት ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ቆሙ። ሌሎችም ብዙዎች አሉ፤ ስማቸው ያልተጻፈ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ይህ ቆላ በታሪኩ መጨረሻ ላይ ደግሞ ይገባበታል። ጣሊያን ደጋውን ከተማ ሲይዝ አርማጭሆና ቋራ አልተያዙለትም። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ሳንድፎርድ የሚባለው እንግሊዛዊ መኮንን ከአርበኞች ጋር ለመገናኘት ከሱዳን የተሻገረው በዚሁ ድንበር ነው። በጥቅምት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. ገላባትና መተማ መካከል ከባድ ውጊያ ተደረገ። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ በጥር 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዚህ በስተደቡብ በኦሜድላ በኩል ገቡ። በስደት ኢየሩሳሌም የቆዩት እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በሱዳን በኩል ተመለሱ። እኚህ እጨጌ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ተብለው በሥርዓቱ የተሾሙ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። አቡነ ጴጥሮስ በችሎት ፊት «ኢትዮጵያዊ ጳጳስ ነኝ» ባሉ በ23 ዓመቱ ቤተ ክርስቲያኗ የራሷ ፓትርያርክ ኖራት። የነፃነቱ ሠራዊት ሲመለስ የቤተ ክርስቲያኗም ነፃነት በዚሁ በሱዳን ድንበር በኩል አብሮ መጣ ብል አላጋነንኩም።

ስለ አቡነ ጴጥሮስ ብዙ ተጽፏል። መኮንን እንዳልካቸው «የደም ድምፅ» ብለው ተውኔት ጽፈውላቸዋል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ጽፏል። ተማሪዎች ሁለቱንም ፈልጋችሁ አንብቡ። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ ከቦታው ሲነሣ የአዲስ አበባ ሰው ተሰብስቦ ያለቀሰውን አስታውሳለሁ፤ በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ። ሰው ለድንጋይ አላለቀሰም።

እዚህ ቆላ ግን ሐውልት የለንም። ያለን ዛፍ ነው። እናንተ የምታውቁትን የዕጣን ዛፍ ስሙልኝ። ዕጣን ሠራተኛው ልጡን በስለቱ ይቀርፋል፤ ነጭ ደም ይወጣዋል፤ ይደርቃል፤ ሠራተኛው ተመልሶ እዚያው ቁስል ላይ ደግሞ ይቀርፋል። ያ ዕጣን ከመተማ ተነሥቶ በየደብሩ ጽና ላይ ይጨሳል። አቡነ ጴጥሮስ ፍቼ ልጅ እያሉ ከመቅደስ የሸተታቸው ዕጣን ከዚህ ሄዶ ይሆናል፤ ማን ያውቃል። እኛ ቆላዎች ከዚህ ታሪክ ውጭ ነን ብላችሁ እንዳታስቡ ነው ይህን የምናገረው።

ስለዚህ ለዚያ ለጠየቀው ልጅ፣ ለክፍል ጓደኞቹም አንድ ሥራ ልስጥ፤ ልመናዬም ነው። በማኅበረ ሥላሴ ገዳም፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ፣ በሸኸዲ፣ በመተማ ዮሐንስ፣ እዚሁ በኮኪት፣ አባቱ ወይም አያቱ በጣሊያን ዘመን ምን እንዳደረገ የሚያውቅ አዛውንት አለ። አንድ ቄስ አርበኛን በጓዳው ደብቆ ይሆናል፤ አንድ ሼኽ ከሱዳን መልእክት አሻግሮ ይሆናል፤ አንድ ሰው ደግሞ አቡነ አብርሃምን ተከትሎ ይሆናል። በ1928 ዓ.ም. አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ በሕይወት ቢኖር ከመቶ ዓመት የሚርቅ አይደለም። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ግን እዚህ አሉ፤ የሰሙትን ያስታውሳሉ። ደብተር ያዙ፤ ቀኑን፣ የቦታውን ስምና የተናጋሪውን ስም በትክክል ጻፉ፤ ያስቀየማችሁንም አትዝለሉት። የጻፋችሁትን ለመምህሮቻችሁ ስጡ፤ በትምህርት ቤታችሁ ይቀመጥ። ከክረምቱ በፊት ጀምሩት፤ ዝናቡ ከገባ የእርሻው ሥራ ጊዜ አይሰጣችሁም።